በልቡ የሚሰማው ሰውዬ

ይህን ነገር መጀመሪያ የነገርኩት ለንስሐ አባቴ ነበር። አንገታቸውን ደፍተው፣ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ ሰሙኝና ሲያበቃ ሳቁ። «ልጄ፣ ቀድሞ ነድፎ መቀባት ኃጢአት ከሆነ የቤተ መቅደሱ ግድግዳ ሁሉ ንስሐ ሊገባ ነው» አሉኝ። አባታችን ሆይ ድገም ብለው፣ ባርከው አሰናበቱኝ። ቀሎኝ መውጣት ነበረብኝ፤ አልቀለለኝም። እኔ የተናዘዝኩት አንድ ነገር፣ እሳቸው የሰሙት ሌላ ነገር ሆነ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። እፊታቸው ተንበርክኬ እንኳ ወሬዬን አሳምሬ፣ ሹል ሹሉን አሙልጬ ነው ያቀረብኩት። ልማድ ነው። እዚህ ሳላሳምር ልሞክር።

ሥራዬ ሥዕል ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሰው ፒያኖ ሲጫወት አጠገቡ ቆሜ፣ ሙዚቃው ተጀምሮ እስኪያልቅ በሕዝብ ፊት አንድ ሸራ ቀብቼ እጨርሳለሁ። እኛ «ላይቭ» እንለዋለን፤ «ዛሬ ላይቭ አለኝ» ሲባል የሙያው ሰው ይገባዋል። ከአዝማሪና ከጃዝ ጋር ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው አይቶታል። እዚያ ይጠጣል፣ ይወራል፣ ይጨፈራል፤ ሠዓሊው ጥግ ይዞ ቢሳሳትም ማንም ልብ አይለው። ከክላሲካል ፒያኖ ጋር ሲሆን ግን ታዳሚው ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል። ብሩሹ ሸራውን ሲያሽ የሚያወጣው ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። ፒያኒስቱ ጎኑን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ የሚታይ ነገር ያለው ሠዓሊው ዘንድ ነው። ለከንቱ ውዳሴ ከዚህ የተመቸ ቦታ አላውቅም።

በዓለም ላይ ይህን ሥራ በክብር የሠሩ አሉ። እንግሊዛዊው ኖርማን ፔሪማን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የዕድሜ ልክ ሥራው አድርጎታል። ድሮ በየመማሪያ ክፍሉ የምናውቃቸው ባለ መስታወት ፕሮጀክተሮች ላይ ቀለም እያፈሰሰና እያንቀሳቀሰ፣ ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል እየተነፈሰ ይሠራል፤ ሙዚቃው ሲያልቅ ብርሃኑ ይጠፋል፣ ሥዕሉም አብሮ ይጠፋል። እሱም ይዘጋጃል። ኖታውን አጥንቶ፣ የትኛው ቀለም የት እንደሚገባ አውቆ ነው የሚቆመው። መዘጋጀቱን ግን አይደብቅም። ሠዓሊው ካንዲንስኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 1911 ሙኒክ ውስጥ የሙዚቃ ደራሲውን የሾንበርግን ኮንሰርት ሰማና ቢጫ ያጥለቀለቀው ሸራ ሠራ፤ ላዩ ላይ ያረፈው ትልቅ ጥቁር ቅርጽ ፒያኖው ነው። መጀመሪያ ሰማ፣ ከዚያ ሳለ። ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ፤ የእኔ ጉድ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ለሁለት ምሽት ወደ አፋር ተጠራን፤ አንዱ አዋሽ፣ ሌላው ሰመራ። ምክንያቱ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ መቶኛ የልደት ዓመት ነበር። ፒያኒስቷ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረች ወጣት ናት፤ የእማሆይን ድርሰቶች የምትጫወተው እንደ ጸሎት መጽሐፍ ገልጣ፣ አንድም ነጥብ ሳትዘል ነው። ዝግጅቱ 38 ደቂቃ ነበር፤ ከእማሆይ አምስት፣ ከግርማ ይፍራሸዋ «አምባሰል»፣ ከሾፓን አንድ ኖክተርን፣ በመጨረሻም እማሆይ ስለ ባሕር የደረሱት። የእኔ ሥዕል አዋሽ ወንዝ ነበር። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ ቆቃን አልፎ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚቀር ወንዝ። ባሕር ያላየ ወንዝ በባሕር ዜማ! ይህ ሐሳብ ሲመጣልኝ ራሴን አድንቄ ነበር፤ አሁንም መጥፎ ሐሳብ አይመስለኝም።

እማሆይን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1923 አዲስ አበባ የተወለዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ፤ ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። ለንደን ሄደው ሊማሩ የነበረው ነገር ሳይሆን ቀረ። ያን ጊዜ ሙዚቃውን ትተው ግሸን ማርያም ወጡና መነኮሱ፤ ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው እዚያ ኖሩ። ኋላ ወደ ፒያኖው ተመለሱ፤ የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ታተመ። ከ1984 ጀምሮ ኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ።

የእሳቸውን ፒያኖ የሰማ ሁሉ «ይህማ ከልብ በድንገት የፈለቀ ነው» ይላል። ቀኝ እጅ እንደ ውኃ ይሮጣል፣ ግራው ይጠብቀዋል፣ ጊዜው ይሳባል፣ ይተነፍሳል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ፒያኒስቷ ግን አንድ ቀን በእጅ የተጻፉት ኖታዎች እ.ኤ.አ. በ2013 የታተሙበትን መጽሐፍ አሳየችኝ። ሁሉም ተጽፏል። ያ ከአፍ እንደወጣ ቃል የሚመስለው ሩጫ፣ እያንዳንዷ ትንፋሽ፣ በመስመር ላይ ተቀምጣለች። ይህን ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ለክፉ ዓላማ ነው ደስ ያለኝ። «እሳቸውም ተዘጋጅተው ነው እኮ» ብዬ ለራሴ ፈቃድ ሰጠሁ። እሳቸው ግን በድንገት መጣልኝ ብለው መድረክ ላይ እንዳልማሉ አላሰብኩም።

አሁን ወደ ጉዱ። የሸራዬ ስፋት 150 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። ከምሽቱ በፊት፣ ቤቴ፣ ነጭ ጄሶ በተቀባው ሸራ ላይ ሙሉውን ሥዕል በፈዛዛ ቢጫ እርሳስ እነድፋለሁ። ከሁለት እርምጃ በላይ የራቀ ሰው አያየውም፤ የመጀመሪያው ረድፍ ወንበር ደግሞ ሁልጊዜ አራት እርምጃ እንዲርቅ አስደርጋለሁ፤ «ቀለም እንዳይረጫቸው ነው» እላለሁ። በሸራው ጠርዝ ላይ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር አለ። ሁለተኛው ድርሰት ሲያልቅ ቁጥር ሦስት መድረስ አለብኝ፤ «አምባሰል» ሲጀመር የፈንታሌን ተራራ ጥላ እጨርሳለሁ። ፒያኒስቷ በስልኳ ቀድታ የሰጠችኝን ይዤ፣ ሰዓት እየቆጠርኩ ሰባት ጊዜ ተለማምጃለሁ። መጨረሻ ላይ፣ በስሜት የተወሰድኩ መስዬ፣ ከብሩሹ ላይ ቀይ ቀለም ወደ ሸራው እረጫለሁ፤ ታዳሚው የሚያጨበጭበው ያኔ ነው። ያንን ርጭት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተለማመድኩት ባለቤቴ ታውቃለች። የግድግዳውን ሴራሚክ ያጠበችው እሷ ናት።

ሌላም አለ። ከመጀመሬ በፊት አጭር ንግግር አደርጋለሁ። ካንዲንስኪን አነሳለሁ፣ ከዚያ «እኔም ድምፅ ስሰማ ቀለም ይታየኛል» እላለሁ። ትዝታ ሰማያዊ ነው፣ አምባሰል ሐምራዊ፣ ባቲ ቀይ፣ አንቺሆዬ አረንጓዴ። ድምፅ ሲሰሙ በእርግጥ ቀለም የሚታያቸው ሰዎች በዓለም ላይ አሉ፤ እኔ ከእነሱ አንዱ አይደለሁም። ባቲን ስሰማ የሚታየኝ የሰኞ ገበያ ነው፤ አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ ቁልቁል ወርጄ ያየሁት፣ አፋሩ ግመሉን፣ የደጋው ሰው እህሉን ይዞ የሚገናኙበት፣ ቅኝቱ ስሙን የወሰደበት ከተማ። እሱን ብናገር እውነት በሆነ ነበር። ግን ገበያ ትዝ አለኝ ማለት ቀለም ይታየኛል የማለትን ያህል አያስደንቅም።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ልጅ ናት። ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የዘረጉት ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ እዚህች ሜዳ ላይ አልፎ፣ ገደሉን በድልድይ ተሻግሮ ነው። በዚያ ዘመን መንገደኛ አርፎ ምሳ ይበላበት የነበረው አሮጌው ቡፌ ዳዋሽ ጣቢያው አጠገብ አለ፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ከአሮጌው ሐዲድ ራቅ ብሎ ያልፋል። ምሽቱ ጥሩ ነበር። ኤሌክትሪክ ፒያኖ ነው የያዝነው፤ እውነተኛ ፒያኖ ከአዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ አውርደህ እዚህ 1,000 ሜትር ገደማ ሙቀት ላይ ብታቆመው ቅኝቱ አብሮህ አይወርድም። ሁሉም ነገር በቁጥሬ ሄደ። ተጨበጨበ። ቀዩ ርጭት አረፈ።

ዕቃ ስናስር ፒያኒስቷ ወደኔ ሳትዞር፣ ገመድ እየጠቀለለች፣ «ጋሼ፣ ትቀድመኛለህ» አለችኝ።

«የት ላይ?»

«ሦስተኛው ላይ። የዛሬውን ሰው ዝምታ ስለወደድኩት ረዘም አድርጌ ቆየሁ። አንተ ግን ሄደህ ነበር።»

«ስሜቱ ወስዶኝ ነው» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። መኪና ውስጥ ስንገባ፣ «እውነት ቀለም ይታይሃል?» ስትል ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ። ማንም ሳያየኝ፣ ጭብጨባ በሌለበት፣ ለአንዲት ታናሽ የሥራ ባልደረባዬ። እዚህ ቦታ ላይ ብተወው ኖሮ ሌላው ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከአዋሽ ወደ ሰመራ ያለውን መንገድ ላስረዝመው አልፈልግም፤ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ሰልፍ፣ አዋሽ አርባ፣ ገዋኔ፣ ግጦሹን የወረሰው ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃም ዛፍ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ጥቁር ድንጋይ እስከ አድማስ። ሰመራ በዚያ ድንጋይ ላይ የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት፤ የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደ እሷ ከዞረ ገና ብዙ አልቆየም። ታኅሣሥ ቀዝቃዛ ወሯ ነው ይላሉ። ነፋሱ ግን አክሪሊኩን ፓሌቱ ላይ ቆዳ ያደርገዋል፤ ውኃ እየረጨህ ካልሠራህ አምስት ደቂቃ አይጠብቅህም። የፈራሁት ይህንን ነበር፤ ቀለሙን። ሌላ የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም፤ ሥዕሉ ከታች አለ።

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ጀመርን፤ ግቢ ውስጥ፣ በዳስ ጥላ ሥር። መቶ ሰው ቢሆን ነው። ከፊት ተማሪዎች፣ ከኋላ ጊሌ የሚሉትን ጩቤ የታጠቁ ጥቂት ሽማግሌዎች፣ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች። ያንኑ ንግግር አደረግሁ። ባቲ ቀይ ነው ስል፣ ባቲ የሚሸጥና የሚገዛ ሰው ከፊቴ እንደተቀመጠ አልታሰበኝም።

ቁጥር አምስት አልፌ ወደ ስድስት ስሄድ መብራት ጠፋ።

መብራት ጠፋ የምንለው ፀሐይ ወጥታም ነው፤ ያን ሰዓትም ቀኑ ገና ብርሃን ነበር። የጠፋው ድምፁ ነው። ፒያኖው በአንድ ሐረግ መሐል ተቆረጠ። ይህን የማወራው ኋላ ባየሁት ቪዲዮ ነው፤ አንድ ተማሪ በስልኩ ቀርጾት ፒያኒስቷ ላከችልኝ። በቪዲዮው ላይ እጆቿ ቁልፎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ይነካሉ፤ ድምፅ የለም። ከዚያ ጭኗ ላይ ታሳርፋቸውና ወደኔ ትዞራለች። እኔ እሳላለሁ። ግራ ትከሻዬ ከፍ ዝቅ ይላል። ዓይኔን እጨፍናለሁ። አንገቴን፣ አንድ ልብ የሚነካ ነገር እንደሰማ ሰው፣ በቀስታ እነቀንቃለሁ። ከሩቅ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ የሆነች ፍየል ትጮኻለች። አንድ ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ። ፒያኒስቷ ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም፤ ፊቷ ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ያነቃኝ ጄኔሬተሩ ነው፤ ሲያጓራ ደንግጬ ዞርኩ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ፒያኖው ዝም ብሎ እንደነበር የገባኝ።

ሁላችንም ያንን የቅዱስ ያሬድ ሥዕል እናውቀዋለን። ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን ያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ያሬድም ዜማው እስኪያልቅ አልተሰማውም። ደሙ እየፈሰሰ ቆሟል፣ ሁለቱም ሌላ ቦታ ናቸው። እኔ ይህን ሥዕል ተማሪ ሆኜ፣ የቤት ኪራይ ለመክፈል፣ ለቱሪስት ብራና ላይ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሠርቼዋለሁ። የጦሩን ማዕዘን፣ የደሙን ሦስት ጠብታ በጨለማ መሳል እችላለሁ። የእሱን እግር ጦር ወግቶት ዜማው አስረሳው። የእኔ ዜማ ሞቶ እጄ አልሰማም።

ዝግጅቱ አለቀ። ቀዩንም ረጨሁ፤ አዎ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ረጨሁት። ከእንግዶቹ አንዱ መጥቶ እጄን ጨብጦ «ዝምታውን ሳይቀር ሳልከው!» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «አመሰግናለሁ» አልኩት። ሸራውን ለአዘጋጆቹ ከመስጠቴ በፊት፣ ማንም ቀርቦ ሳያየው ጠርዙ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በነጭ ቀለም ሸፈንኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሎግያ ሻይ ቤት ተቀምጠናል፤ ዕቃ ሲያወርድልን የነበረው አፋር ወጣት አብሮን ነው። አንድ ሽማግሌ መጡ። ወጣቱ ተነሥቶ እጅ ለእጅ ተሳሳሙና አጠገባችን ተቀመጡ፤ ወሬ ጀመሩ። ዳጉ ነው። ስለ ዳጉ ብዙ ስለተጻፈ እኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል፤ አይቸኩሉም፣ አይቋረጡም። ዝናብ፣ ግጦሽ፣ ከብት፣ ሰላም፣ የታመመ፣ የመጣ እንግዳ። ወጣቱ ኋላ እንዳስረዳኝ ተናጋሪው ያየውን ከሰማው ለይቶ፣ ከማን እንደሰማም ጨምሮ ይናገራል። ሰሚው ደግሞ ያንኑ ይዞ ለሚያገኘው ያደርሳል። ስልክ ሳይኖር ይህ ነበር ስልካቸው፤ ስልክ ከመጣም በኋላ አልቀረም። በዳጉ የዋሸ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያመጣውን የሚቀበለው የለም።

የወጣቱ ዳጉ እኛ ጋ ሲደርስ የኔን ነገር እንደሚናገር ገባኝ፤ በእጁ ሲስል አሳየ። ሽማግሌው ዝም ብለው ሰሙና አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ወጣቱ ወደኔ ዞረ።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ሴትየዋ ትጫወት ነበር፤ መብራት ጠፋ፤ እሷ አቆመች፤ ሰውየው አላቆመም። ያየሁት ይህን ነው አልኳቸው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ምን እየሰማ ነበር? ይላሉ።»

በጥያቄው ውስጥ ነቀፋ አልነበረም። የግመል መንጋ ወዴት እንደሄደ እንደሚጠየቀው፣ የጎደለ ወሬ ለመሙላት የተጠየቀ ነው። ፒያኒስቷ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ጠበቀች። እውነቱን ለመናገር አምስት ቃል ይበቃኝ ነበር። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «በልቤ እየሰማሁ ነበር በላቸው» አልኩ።

ወጣቱ ተረጎመ። ሽማግሌው አዩኝ፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉኝ። ሻያቸውን ጠጥተው፣ መፋቂያቸውን አፋቸው ውስጥ መልሰው፣ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ወጡ። ውሸቴን ይዘው ወጡ። ከኋላ እያየኋቸው፣ ሎግያ ገበያ ውስጥ ከሰው ጋር ተገናኝተው ሲቀመጡ አየሁ።

ታዳሚን ማታለል ሙያው ውስጥ ያለ ነገር ነው ብዬ ራሴን ላጽናና እችል ነበር። መድረክ መድረክ ነው፣ ሰው ከፍሎ ሊደነቅ ይመጣል። የሽማግሌው ግን የተለየ ነው። እሳቸው ለመደነቅ አልመጡም። እውነት ተለይቶ በሚቀመጥበት ጎተራ ውስጥ፣ ማንም በማይጠረጥረው እንግዳ እጅ፣ እንክርዳድ ጨመርኩ።

ሦስት ቀን ቆይተን ስንመለስ አዋሽ ላይ ምሳ ልንበላ ቆምን። ከሎግያ እዚያ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በትሩን ትከሻው ላይ ያጋደመ አንድ ሰው ሾፌራችንን በአማርኛ፣ «በልቡ የሚሰማው ሰውዬ ይህ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁት። ሾፌሩ ሳቀ፤ ሰውየው አልሳቀም። መጥቶ በአፋር ሰላምታ እጅ ለእጅ ተሳሳምን። የእጁ ሽታ የወተትና የጭስ ነበር። ፒያኒስቷ ምግቧን ትታ ወደ መኪናው ሄደች። ከዚያ ወዲህ አብረን ሠርተን አናውቅም። ቪዲዮውን የላከችልኝ ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ ምንም ቃል ሳይኖርበት።

ያንን ዓመት ላይቭ ሲጠሩኝ ታምሜያለሁ እያልኩ ቀረሁ። አንድ ሌሊት ቤቴ፣ ምንም ሳልነድፍ፣ የእማሆይን ሙዚቃ ከፍቼ ባዶ ሸራ ፊት ቆምኩ። የመጀመሪያውን ድርሰት ሙሉውን አንድ መስመር ሳላሰምር ሰማሁት። በሁለተኛው ላይ ጀመርኩ፤ የወጣው ቡናማ ጭቃ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የሣለ እጅ፣ የሚከተለው መስመር ሲያጣ፣ እንደ ጀማሪ ተንቀጠቀጠ። አንዲት ትንሽ ግራጫ መስመር ብቻ፣ እማሆይ ግራ እጃቸውን የሚያዘገዩባት ቦታ ላይ፣ እሷም ዘግይታ ወጥታለች። ሸራውን አልጣልኩትም። ለማንም አላሳየሁትም።

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ምድር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ብሶ አዲስ አበባ ድረስ ቤታችን ይወዛወዝ ነበር፤ ዶፈን ተራራ ላይ ምድር ተሰንጥቆ እንፋሎትና አቧራ ሲተፋ በቴሌቪዥን አየን፤ የአዋሽ ፈንታሌና የዱለቻ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ሰፈረ። ሸራዬ ላይ በ«አምባሰል» ሰዓት የምጨርሰው ተራራ፣ እውነተኛው፣ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ያ ወጣት ዘመዶች እዚያ እንዳሉት ነግሮኝ ስለነበር ደወልኩለት።

ዳጉ ሰጠኝ። አጎቱ ቤት ግድግዳው እንደተሰነጠቀ በዓይኑ አይቷል። ሌሊት ሌሊት ውጭ እንደሚያድሩ አይቷል። አንድ ግመል ስንጥቅ ውስጥ ገባ ሲባል ሰምቷል፣ አላየም፤ የነገረው ሰው ስም ይህ ነው። ፍየሎቹን የት እንዳሻገሩ፣ ውኃ ከየት እንደሚመጣላቸው፣ አንድ በአንድ። በመካከሉ ድምፁ አልተለወጠም። እኔ ይህንን ሁሉ ሰምቼ፣ በዚያ ሁሉ መከራ መሐል፣ የራሴን ነገር አነሳሁ። ማፈር ነበረብኝ፤ አፍሬም ነው ያነሳሁት።

«አንድ ነገር ለሽማግሌው ንገርልኝ። ሎግያ ሻይ ቤት ያገኘናቸው፣ ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ያን ቀን በልቤ የምሰማው ነገር አልነበረም በላቸው። ሥዕሉን ቤቴ ነድፌው መጥቼ ነበር። ሙዚቃው መቆሙን አላወቅሁም።»

ዝም አለ። ከኋላው የልጆች ድምፅ ይሰማል።

«ማን ነገረህ ቢሉኝስ?» አለ።

«ራሱ ሰውየው ነገረኝ በላቸው።»

«እሺ» አለኝ። ስልኩን የዘጋው መስሎኝ ነበር፤ ቆየና፣ «ግን ጋሼ፣ የመጀመሪያውንም ራስህ ነህ የነገርከን» አለ።